ወለድ አገድ በሲኤምሲ

የገንዘብን ነገር የሚመለከቱ የአማርኛ ቃላት አብዛኞቹ ከባንክ ቤት ሳይሆን ከሰው ቤት የመጡ ናቸው። «ወለድ» የሚለውን ውሰዱ። «ወለደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ብር ብርን ወለደ እንደማለት። ግሪኮችም «ቶኮስ» ይሉታል፤ ልጅ ማለታቸው ነው። አርስጣጣሊስ ወለድን የነቀፈውም በዚሁ ቃል ላይ ተንተርሶ ነበር፤ ገንዘብ ለመገበያያ ተሠራ እንጂ ሊዋለድ አልተፈጠረም ብሎ። «ብድር»ን ደግሞ እዩት። ለሰው የሰጡት ገንዘብ ብድር ነው፤ የተዋለልዎት ውለታ ብድር ነው፤ ባላጋራ የሚመልሰውም ብድር ነው። «ብድሩን መለሰ» ሲባል የሰማ ሰው የፊት የኋላውን ካላወቀ ሰውየው ዕዳ ይክፈል፣ ውለታ ይመልስ፣ ወይም ይበቀል ሊያውቅ አይችልም። ቋንቋችን ሦስቱን በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በወንድምና በእኅት መካከል የሚደረግ ብድር በየተራ ሦስቱንም ሲሆን አይቶ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ የሆነ አንድ ቃል ግን ከከተሜው አፍ ጠፍቷል፤ ወለድ አገድ። ዛሬ ቦሌ ላይ አንዱን ወጣት ይዛችሁ ወለድ አገድ ምንድን ነው ብትሉት የመድኃኒት ስም ይመስለዋል። የገጠሩ ሰው ግን ያውቀዋል። ገንዘብ የቸገረው ባለመሬት ከጎረቤቱ ይበደርና መሬቱን በመያዣነት ይሰጠዋል። አበዳሪው መሬቱን ያርሳል፣ ፍሬውን ይበላል፤ ወለድ ግን አይጠይቅም። ፍሬው ወለዱን አገደው፣ ተካው ማለት ነው። ባለመሬቱ ዋናውን በመለሰ ቀን መሬቱን ይረከባል። ካልመለሰ አበዳሪው ማረሱን ይቀጥላል፤ አንዳንዴም እስከ ልጅ ልጅ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ የጠፋ ቃል ነው። የማወራችሁም ቃሉ ጠፋ እንጂ ነገሩ ስላልጠፋ ነው። ነገሩ ያለው ደግሞ ከመገናኛ ተነሥታችሁ በጉርድ ሾላ አልፋችሁ ወደ አያት ስትሄዱ ከባቡሩ ሐዲድ ግራና ቀኝ፣ በሲኤምሲ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ። ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ነው። ሦስቱ ፊደላት ሲፈቱ «የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር» ይሆናሉ። ግንበኞች አቅማቸውን አዋጥተው ያቆሙት የራቬና ከተማ ማኅበር ነው። እኛ አገር ስሙን ለሰፈር አውርሶ ሄደ። የሚገርመው ሰፈሩ በስሙ መጽናቱ ነው፤ ዛሬም በመዋጮ ነው የሚገነባው። ልዩነቱ መዋጮው በማኅበር ሳይሆን በቤተሰብ መሆኑ ነው። አንዱ ቦታውን ያመጣል፣ አንዷ ከዋሽንግተን ዶላር ትልካለች፣ አንዱ አሠሪ ሆኖ ከግንበኛ ጋር ይሟገታል፣ እናት የድሮ ቤታቸውን ሸጠው ይጨምራሉ። «ጂ ፕላስ ቱ» ይቆማል። በር ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ገንዘብ ግን የአራት ሰው ነው። ከአራቱ ሦስቱ አበዳሪዎች ናቸው ወይስ ስጦታ ሰጪዎች ወይስ ባለቤቶች? ብትጠይቁ ሁሉም «ኧረ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይላሉ። እንግዲህ ግብር ሰብሳቢው «ቤተሰብ» የሚል ሠንጠረዥ የለውም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ወለድ አገድ የተወለደው ሃይማኖትና ችግር ከተጋጩበት ቦታ ነው። ከአረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለዘመናት የቤተ መንግሥትም የቤተ ክህነትም ሕግ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት በወለድ ማበደርን ይከለክላል። ቁርኣንም ይከለክላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወለድ ኃጢአት መሆኑን ያውቃል። ግን ሰው ይቸገራል፤ በሬ ይሞታል፣ ልጅ ይዳራል፣ ተዝካር ይወጣል። ያለው ሰው ደግሞ ገንዘቡን እንዲሁ በነፃ ለዓመታት አይለቅም። ስለዚህ ብር አይውለድ፣ መሬት ይውለድ ተባለ። መሬት ቢወልድ ተፈጥሮው ነው፤ ኃጢአት የለበትም። ብልሃቷን አደንቃለሁ፤ ግን ብልሃት መሆኗንም አልዘነጋም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን የአባቶች ብልሃት አልናቀውም፤ ከመያዣ ቀጥሎ የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ ስሙንም አልቀየረውም፤ «ወለድ አገድ» አለው። ብድርን በሚመለከት ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሠሩ ሦስት ነገሮችን ደነገገ። አንደኛ፣ ተበዳሪ ወለድ የሚከፍለው በግልጽ ከተስማማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዎች በወለድ ሲስማሙ በዓመት ከ12 በመቶ ማለፍ አይችሉም፤ ከ9 በመቶ ከበለጠ ደግሞ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ራሱ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው። የምስክር ጋጋታ አይረዳም። በዚያን ጊዜ 500 ብር ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ግድም ነበር፤ ትልቅ ገንዘብ ነው። ዛሬ ቁጥሩ እንዳለ አለ፤ ገንዘቡ ግን የምሳ ሒሳብ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ በቤተሰብ መካከል የሚደረግ ማናቸውም ቁም ነገር ያለው ብድር በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል።

የገቢ ግብርም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው መልክ የያዘው። በ1936 ዓ.ም. የግልና የንግድ ግብር አዋጅ ወጣ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ለአርባ ዓመት ያህል ያገለገለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 መጣ። ገቢን በሠንጠረዥ ከፋፈለ፤ ሠንጠረዥ «ሀ» ደመወዝ፣ ሠንጠረዥ «ለ» ኪራይ፣ ሠንጠረዥ «ሐ» ንግድ እያለ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ አለ። ያስተሳሰብ መንገዱ ቀላል ነው፤ ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው «ገንዘቡ ከየት ፈለቀ?» ብሎ ነው። ከቤት ኪራይ ከፈለቀ ኪራይ ነው። ወለድ ከሆነ ወለድ ነው። ወለድ አገድ ግን ከሁለቱም ነው፤ ወለድ ነው፣ ኪራይ ለብሶ የመጣ ወለድ። ጥያቄው ግን ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ቆየ።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን አዋጁ መሬትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውረስ፣ በመያዣ መስጠት ክልክል ነው ብሎ ሲዘረዝር ወለድ አገድንም በስሙ ጠርቶ ከለከለው። አንድ የአርሶ አደር ልማድ በአብዮት አዋጅ ውስጥ በስሙ ሲጠራ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል። (ክልከላው ልማዱን አላጠፋውም፤ ጎጃምና ወሎ ውስጥ በድብቅም በግልጽም ቀጥሏል።) በሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። በዚያች ቀን «ቤት ሠርቶ ማከራየት» የሚባለው ነገር በሕግ ሞተ። ከዘመድ ተበድሮ ለትርፍ ቤት መሥራትም አብሮ ሞተ።

በዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የዛሬው የሲኤምሲ ጠባይ የተቀረጸው እዚያ ነውና። በዚያ ትውልድ አእምሮ ውስጥ አንድ ነገር ታተመ፤ በስምህ ያለ ንብረት ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ንብረት በአንድ ሰው ስም አይከማች፣ ይበተን፤ ወረቀትም አይብዛ። ወረቀት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ለወራሽም ለወራሪም እኩል ያገለግላል። አንድ ሰው ከወንድሙ የተቀበለውን ብድር ቢጽፍ ምን ይጠቅመዋል? ልጆቹን ሲያሳድግም «ወረቀት ጣጣ አለው» እያለ አሳደጋቸው። ያ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ሲኤምሲ ላይ ቤት ይሠራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ሁሉ ዞረ። በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አዋጅ ወጣ። ቤት ማከራየት ነውርነቱም ወንጀልነቱም ቀረ። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ተዘረጋች፤ የእህል ማሳ የነበረው ሲኤምሲ፣ መሪ፣ አያት፣ ሰሚት ቤት በቤት ሆነ። የቤት ሠሪ ማኅበራት መጡ፣ የሪል እስቴት ኩባንያዎች መጡ፣ በስተኋላም ኮንዶሚኒየሙ መጣ። ገንዘቡስ? ለቤት መሥሪያ ሲያበድር የኖረው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ስሙን ወደ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ቀይሮ፣ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቅሎ ከገበያው ወጣ። ሌሎቹ ባንኮች የሚያበድሩት ያለውን ሰው ነው፤ መያዣ የሚሆን ቤት አምጣ ይሉታል፣ ቤት ለመሥራት የመጣውን። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ያቺው ጠባብ በር ይበልጥ ጠበበች። እናላችሁ፣ የሲኤምሲ ትክክለኛው የቤት ባንክ ቤተሰብ ነው። ቅርንጫፎቹም ዋሽንግተን፣ ዳላስ፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ናቸው።

እዚህ ላይ 1994 ዓ.ም. ልዩ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። አሜሪካዊት የሆነችው እኅት ታዲያ ቤት ልትሠራ ስትፈልግ ያላት መንገድ አንድ ነበር፤ በወንድሟ ስም፣ ወይም በእናቷ ስም። ገንዘቡን «ላከች»። ላከች የሚለው ቃል ደግሞ ምንም አይናገርም፤ አበደረች አይልም፣ ሰጠች አይልም። በ1994 ዓ.ም. የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ አዋጅ፣ «ቢጫ ካርድ» የምንለው፣ ይህን በር ከፈተ። በዚያው ዓመት አዲስ የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 286፣ ወጣ። አንዱ አዋጅ «በራስሽ ስም መያዝ ትችያለሽ» አላት፤ ሌላው «ከቤቱ የሚገኘውን ገቢ አሳውቂ» አላት። ብዙዎቹ ሁለቱንም አልሰሙም። ልማዱ ስለተለመደ ቤቱ በወንድም ስም መሆኑ ቀጠለ።

አሁን ነገሩን በቁጥር እንየው። እንበልና ታላቂቱ በ2010 ዓ.ም. 50 ሺሕ ዶላር ለታናሽ ወንድሟ ላከች። ያኔ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር፤ 1 ሚሊዮን 350 ሺሕ ብር። «እትዬ፣ ወረቀት ላይ እናስፍረው እንዴ?» አላት፣ ለይሉኝታ ያህል። «በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? ዝም ብለህ ሥራው። ሲከራይ ኪራዩን ለእማዬ ትሰጣታለህ፣ በኋላ እንተሳሰባለን» አለችው። ይኸውላችሁ ወለድ አገድ! ብር አይወልድም፣ ቤት ይወልዳል፤ የቤቱ ፍሬ ወለዱን ያግዳል። ሁለቱም ግን የአያቶቻቸውን ውል እየተዋዋሉ መሆኑን አያውቁም።

ቤቱ አልቆ በወር 40 ሺሕ ብር ተከራየ እንበል፤ በዓመት 480 ሺሕ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከኪራዩ 50 በመቶውን ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ተብሎ እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። ለማዘጋጃ ቤት የሚከፈለውን ትተን 240 ሺሕ ብር ግብር የሚከፈልበት ሆነ። በአዋጁ የመጨረሻ እርከን፣ በ35 በመቶ፣ ተሰልቶ 18 ሺሕ ሲቀነስለት 66 ሺሕ ብር ይመጣል። (አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ እኔ የማሰላው የነገሩን መልክ ለማሳየት ነው።) ይህን 66 ሺሕ ብር ማን ይክፈል? ግብር ሰብሳቢው የሚያውቀው ካርታው ላይ ያለውን ስም ነው። ወንድሙ ከኪራዩ አምስት ሳንቲም አልነካም፤ ኪራዩ ለእናት ይሄዳል። ግብሩ ግን የእሱ ነው። «ኪራዩን እኮ አልበላሁም፣ ዕዳ ነው የከፈልኩበት» ቢል ምን ይባላል? ዋናውን ዕዳ መመለስ በግብር ዓይን ወጪ አይደለም። ሲበደርም ገቢ አላሉትም፤ ሲመልስም ወጪ አይሉለትም። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ መርሕ ነው፣ ፍትሐዊም ነው። ብድር ገቢ አለመሆኑ ለተበዳሪ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን ብድር መሆኑ ሲታወቅ ብቻ።

አሁን ደግሞ በጽሑፍ ተዋውለው ቢሆን እንበል፤ በዓመት 9 በመቶ። ወለዱ 121 ሺሕ 500 ብር ነው። በ2008ቱ አዋጅ በባንክ ከተቀመጠ ቁጠባ ለሚገኝ ወለድ ግብሩ 5 በመቶ፣ ለሌላው ወለድ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ የእኅት ግብር 12 ሺሕ 150 ብር ይሆናል። ወንድሙስ? መዝገብ ካልያዘ ያ 50 በመቶ ሁሉንም ተክቷል፤ ወለዱን ለብቻ አይቀንስም። መዝገብ ከያዘ ግን የከፈለውን ወለድ በወጪነት ማስያዝ ይችላል። በንግድ ገቢ ላይ ሕጉ ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ ከባንክ ውጭ ለሚመጣ ብድር ለሚቀነሰው ወለድ ጣሪያ አለው፣ ለዘመድ የተከፈለ ወለድም የሚቀነሰው ተቀባዩ በገቢው ውስጥ ካስገባው ነው። ሕጉ ምን እያለ እንደሆነ ይገባል፤ ወንድም ለእኅት ወለድ ከፈልኩ ብሎ ግብሩን እንዳያሸሽ። ሕጉ ዘመድን የሚጠራጠረው ዘመድ ስለሚዋደድ ነው። የሚዋደዱ ሰዎች በቀላሉ ይስማማሉ፤ በመንግሥት ላይም ቢሆን።

ወለድ ከሌለስ? ወለድ ከሌለ እኛ አገር በእኅት በኩል ግብር የለም፤ ዋናው ሲመለስላት የራሷ ገንዘብ ነው። ነገር ግን እሷ የምትኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲክማን በተባለ ቤተሰብ ጉዳይ፣ ወላጆች ለልጃቸው ያለ ወለድ ያበደሩት ገንዘብ የቀረው ወለድ ስጦታ ነው፣ የስጦታ ግብር አለበት ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ፤ ያለ ወለድ ላበደረ ዘመድ መንግሥት ራሱ ወለድ ያሰላለታል፣ እንደተቀበለም ይቆጥረዋል። ከ10 ሺሕ ዶላር በታች ለሆነ ተራ የዘመድ ብድር አይመለከትም፤ እስከ 100 ሺሕ ዶላርም በተበዳሪው ገቢ ልክ ይገደባል። እንግዲህ እዩት፤ እኛ ዘንድ ፍትሐ ነገሥት ወለድ የተቀበለውን ኃጢአተኛ ሲል ኖረ፣ አሜሪካ ወለድ ያልተቀበለውን ወለድህን የት አደረስከው ትላለች። የሲኤምሲዋ አበዳሪ በሁለቱ መካከል ቆማለች፤ አንድም ወረቀት በእጇ ሳይኖር።

እስከዚህ ድረስ ያወራነው ስለ ግብር ነው። ግብር ግን ትንሹ ነው። ትልቁን የሚያመጡት ሦስት እንግዶች ናቸው፤ ሞት፣ ፍቺና ምንዛሪ።

ወንድሙ ቢሞት ቤቱ የማን ነው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ባለቤቱና ልጆቹ አሉ። እኅት «ገንዘቡ የእኔ ነው» ትላለች። አሁን ወደዚያች የ500 ብር አንቀጽ እንመለስ። ጽሑፍ የለም። የቀሩት በሮች ሁለት ናቸው፤ የተበዳሪው ማመንና መሐላ። ሊያምን የሚችለው ሰውዬ ሞቷል። ባለቤቱ «እኔ የማውቀው የለም፣ ለእናቷ ስትልክ ነበር» ብትል ውሸቷን ላይሆን ይችላል፤ ማንም አልነገራትማ። የባንክ ደረሰኝ አለ ትሉኝ ይሆናል። ደረሰኝ ገንዘብ መሄዱን ይናገራል እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ፍቺም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ ዕዳውም ሀብቱም ይቆጠራል፤ በዚያ ቀን ከየት መጣ ሳይባል የሚመጣ የእኅት ዕዳ ከሚስት ድርሻ ላይ ሊወሰድ የታሰበ ተንኮል ይመስላል። አንዳንዴም ነው። እውነተኛውን ከተንኮለኛው የሚለይ ምን አለ? በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ብቻ።

ምንዛሪ ደግሞ አዲሱ እንግዳ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አሁን እኅት «50 ሺሕ ዶላሬን» ትላለች፤ ወንድም «1 ሚሊዮን 350 ሺሕ ብርሽን» ይላል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ከ3 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር በላይ ነው። ሁለቱም ቅኖች ናቸው። እሷ ሌሊት ሠርታ ያጠራቀመችው ዶላር ነው፤ እሱ ሲሚንቶ የገዛው በብር ነው። «በኋላ እንተሳሰባለን» ያሉት ኋላ ይኸው መጣ። የተበደረው ምን ነበር? ዶላር ነው ብር? በዚያ ቀን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጽፉ ኖሮ ዛሬ ሽማግሌ ባልተቀመጠ። ሽማግሌውስ ምን ይፍረድ? ግማሽ ለግማሽ ይላል፤ ሁለቱም ተበድለው ይነሣሉ። ብድር የሚለው ቃል ሦስተኛውን ትርጉሙን የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው።

«ወረቀት ፍቅር ያፈርሳል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ንቄ አላልፋቸውም። የሚፈሩት ነገር አለ። እናት ፊት ሁለት ልጆቻቸው እንደ ነጋዴ ሲፈራረሙ ማየት አንጀት ይቆርጣል። ከዚያም በላይ፣ ያ የ1967 ዓ.ም. ፍርሃት ሙሉ በሙሉ አልወጣልንም፤ ወረቀቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ግብር ሰብሳቢውም ቢሆን ብድርን እንደ ብድር ያምናል ወይስ ከየት አመጣኸው ብሎ ያፋጥጣል የሚል ስጋት አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የታዩት የአራጣ ክሶችም ሰውን አስበርግገዋል፤ ገንዘብ ማበደር የሚለው ነገር ሁሉ የወንጀል ሽታ ያለው መሰለ። ሕጉ ግን የሚከሰው አራጣን እንጂ ብድርን አይደለም። እኅት ለወንድሟ በ9 በመቶ ወይም ያለ ወለድ ብታበድር አራጣ አበዳሪ አትባልም።

ግን እስቲ በሌላ በኩል እንየው። ዕቁባችን ስም መዝጋቢ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፣ ዳኛ አለው። ዕድራችን መዝገብ አለው፤ ሃምሳ ብር ያጎደለ በቀይ ይጻፍበታል። ከጎረቤት ጋር በሃምሳ ብር የምንጻጻፍ ሰዎች ከወንድማችን ጋር በሚሊዮን የማንጻጻፈው ፍቅር በዝቶ ነው? አይመስለኝም። የዕቁቡ ወረቀት ጎረቤትን ከጎረቤት አጣልቶ አያውቅም፤ አስማምቶ አኖረ እንጂ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ዝምድናን ንቀው አልነበረም፤ የሰውን ዕድሜ አውቀው ነው።

የሚጻፈውም ብዙ አይደለም። ስንት ነው? በምን ገንዘብ ነው? መቼ ተሰጠ፣ መቼ ይመለሳል? ወለድ አለው ወይስ የለውም? የቤቱን ኪራይ ማን ይወስዳል፤ ከዋናው ነው ከወለዱ የሚታሰበው? ግብሩንስ ማን ይከፍላል? በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ስለወጣ የእሱንም ጨምሩ። የትዳር ጓደኛም ይፈርም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ በተራ ውል ላይ የጣለው ቀረጥ 5 ብር ነበር፤ በመያዣ ሲሆን ነው 1 በመቶ የሚደርሰው። ያልተከፈለችው አምስት ብር የስንት ሚሊዮን ብር ቤት እንዳፈረሰች ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ይንገራችሁ።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈችው የ500 ብር ወሰን ዛሬ የምትይዘው ተንኮለኛውን ሳይሆን የዋሁን ነው። ግብር ሰብሳቢውም የዘመድ ብድር ዋናው ገንዘብ ገቢ እንዳልሆነ፣ የተመዘገበ የብድር ውል ይዞ የመጣ ሰው እንደማይጠረጠር በአደባባይ ሊናገር ይገባል። ወረቀት የያዘ ሰው ወረቀት ከሌለው ይልቅ የሚጉላላ ከሆነ ማንም ወረቀት አይዝም። ከዚያ በኋላ «ሕዝቡ ገቢውን ይደብቃል» ማለት ፋይዳ የለውም። ሕዝቡ የደበቀው ገቢውን ብቻ አይደለም፤ ዕዳውንም ነው፣ ከራሱ ከቤተሰቡም ጭምር።

የገጠሩ ወለድ አገድ አንድ መልካም ነገር ነበረው። ውሉ የሚፈጸመው በአገር ሽማግሌ ፊት ነበር፤ መሬቱ የማን እንደሆነና አራሹ ለምን እንደሚያርሰው መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ወረቀት ባይኖር ምስክሩ መንደር ነበር። ሲኤምሲ ላይ ግን አጥሩ ረጅም ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፣ አበዳሪዋም ውቅያኖስ ማዶ ናት። የአያቶቻችንን ውል ወስደን ምስክሩን ጥለነዋል። በዚህ ከተማ የመንደሩን ምስክርነት ሊተካ የሚችለው ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ እሱንም መጻፍ የሚቻለው ሁሉም በሕይወት ሳሉ፣ ሁሉም ሲዋደዱ፣ ዶላሩም ገና ሳይላክ ነው።